የሊቅ እጅ፦ ከሐይቅ እስጢፋኖስ የብራና ሥዕል እስከ ካሪካቸር

በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው የአቡነ ኢየሱስ ሞአ አራቱ ወንጌል በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተዘጋጀ የብራና መጽሐፍ ነው። ዘመናቸው ከታወቀ ሥዕል ያለባቸው የኢትዮጵያ መጻሕፍት መካከል ከቀደምቶቹ ይመደባል። ወንጌላውያንና ቅዱሳን ተሥለውበታል፤ መጽሐፉን ያሠሩት መምህር የኢየሱስ ሞአም ሥዕል አለበት። በዚህ መጽሐፍም ሆነ ከእርሱ በኋላ በመጡት የሊቃውንት ሥዕሎች ፊት ስለ ባለቤቱ ብዙ አይናገርም። ዓይኑ ትልቅ፣ አፍንጫው በአንድ መስመር የተሠራ፣ ጢሙ ከጎረቤቱ ጢም የማይለይ ነው። ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያውቅና በማን ፊት እንደቆመ የሚናገረው እጁ ነው።

ቦታውና ትምህርት ቤቱ

ሐይቅ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በደቡብ ወሎ ይገኛል። ከተማው በተሁለደሬ ወረዳ ሲሆን ወደ ሰሜን ሲሄዱ አምባሰል ይቀጥላል። የግሸን ማርያም አምባም ያለው በዚያው በአምባሰል ነው። የእስጢፋኖስ ገዳም የተመሠረተበት ስፍራ ቀድሞ በውሃ የተከበበ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዞ ልሳነ ምድር ሆኗል። ትውፊቱ የቤተ ክርስቲያኑን መነሻ ወደ 9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይወስደዋል። ገዳሙ የትምህርት ማዕከል ሆኖ ስሙ የገነነው ግን ኢየሱስ ሞአ በ1240 ዓ.ም. ገደማ ከደብረ ዳሞ ከመጡ በኋላ ነው። በደብረ ዳሞ የአባ ዮሐኒ ደቀ መዝሙር ነበሩ። ሐይቅ ላይ ጉባኤ ዘርግተው፣ መጻሕፍት አሰባስበውና አስጽፈው እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1286 ዓ.ም. ገደማ አስተማሩ። መታሰቢያቸው ኅዳር 26 ቀን ይከበራል።

ከተማሪዎቻቸው መካከል አቡነ ተክለ ሃይማኖትና በጣና የዳጋ እስጢፋኖስ መሥራች የሚባሉት አባ ኂሩተ አምላክ ይቆጠራሉ። ዐፄ ይኩኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. ሲነግሡ የገዳሙ ድጋፍ እንዳልተለያቸው ይተረካል። የሐይቅ መምህር የሚሾምበት የዐቃቤ ሰዓትነት ማዕርግም ከቤተ መንግሥቱ ከፍተኛ ሥልጣኖች አንዱ ሆነ። ስለዚህ በሐይቅ የመምህር ሥዕል ከጌጥ በላይ ነበር። የመምህሩ ክብር በገዳሙና በቤተ መንግሥቱ መካከል ያለውን ግንኙነት ይነካ ነበር። በዚያው ዘመን በላስታ በሚገኘው በገነተ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የዐፄ ይኩኖ አምላክ ሥዕል ተሥሏል። ንጉሡም መምህሩም በአንድ ትውልድ ወደ ሥዕል ገቡ ማለት ነው።

ማጋነን እንደ ቋንቋ

ካሪካቸር የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን መነሻው «መጫን» ማለት ነው። የአንድን ሰው አንድ ምልክት ከልክ በላይ መጫን፣ አፍንጫውን ወይም ግንባሩን ማግዘፍ፣ ሌላውን ማሳነስ ነው። በጣሊያን በቦሎኛ ከተማ የካራቺ ቤተሰብ ሠዓሊዎች በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ይህን ዘዴ ለጨዋታ ይጠቀሙበት ነበር። የኢትዮጵያ ብራና ሠዓሊም ያጋንናል፤ ዓላማው ግን ማሳቅ አይደለም። የሚያጋንነው የአንዱን ሰው ልዩ መልክ ሳይሆን ሁሉም ቅዱስ የሚጋራውን ዓይንና እጅ ነው። ዓይን የሚገዝፈው የሚያይ ስለሆነ ነው፤ እጅ የሚገዝፈው ደግሞ የሚሠራና የሚናገር ስለሆነ ነው።

ይህን ለመረዳት ከ13ኛው እስከ 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራን አንድ የወንጌላዊ ሥዕል በቅርብ መመልከት ይበቃል። ሠዓሊው በቀጭን ቀለም መስመር ዳርቻውን ያወጣል፤ ከዚያ ልብሱን በቀይ፣ በቢጫ፣ በሰማያዊ ወይም በአረንጓዴ ይሞላል። የልብሱ እጥፋት ጎን ለጎን የተሰለፈ መስመር ብቻ ስለሆነ አካሉ ከሥሩ አይታይም። ክንዱም ከልብሱ ጋር አንድ ሆኖ ይቀራል። ከዚህ ሁሉ ጌጥ መካከል እጁ ብቻ ባዶ ቆዳ ሆኖ ይወጣል፤ ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው፤ አውራ ጣቱም ለብቻው ተነጥሎ ይቆማል። ተመልካች ሥዕሉን ከሩቅ ቢያይ መጀመሪያ ዓይኑን፣ ቀጥሎ እጁን ያገኛል።

የኢትዮጵያ ሥዕል ለማሳፈር ሲያጋንን ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። ቅዱሳን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት ሲታዩ ይሁዳ፣ ሰቃዮችና አጋንንት በጎን ተሥለው አንድ ዓይን ብቻ ይታያቸዋል። ለካሪካቸር በጣም የሚቀርበው የቀድሞው ሥዕል ክፍል ይህ ነው። የጎን ፊት የያዘ ሰው እጁም ከቅዱስ እጅ የተለየ ሥራ ይዞ ይገኛል፤ ይጎትታል፣ ይመታል፣ ገንዘብ ይቀበላል።

መጽሐፍ የያዘች እጅ

የሊቅ ሥዕል የመጀመሪያ ምልክት መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ አብዛኛውን ጊዜ በግራ እጅ ተይዞ ደረት ላይ ይደገፋል፤ ቀኝ እጅ ለሥራ ነፃ ሆና ትቀራለች። ክፍፍሉ በአገሩ ልማድ ላይ የቆመ ነው። መስጠት፣ መቀበል፣ መባረክና መመስከር በቀኝ ነው፤ ግራ ትደግፋለች። በዐድዋ አካባቢ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች ብራናቸው በቤተ ሙከራ ሲመረመር ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያለውን ዘመን አሳይቷል። በእነርሱም ውስጥ ወንጌላውያን መጽሐፍ ይዘው ቆመዋል። የሐይቁ ሠዓሊ የያዘው ልማድ ስለዚህ በእርሱ ዘመንም አሮጌ ነበር።

በብዙ ሥዕል መጽሐፉን የያዘችው እጅ ራቁቷን አይደለችም፤ በልብስ ጫፍ ተሸፍናለች። በባዕድ አገር ይህ ምልክት ከቤተ መንግሥት ሥርዓት የመጣ ነው። ከንጉሥ እጅ የሚቀበል ሰው እጁን ይሸፍን ነበር። በኢትዮጵያ ግን ተመልካቹ ትርጉሙን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በቅዳሴ ጊዜ ወንጌል በጨርቅ ተይዞ ሲወጣ፣ ሌላውም መጽሐፍ በቆዳ ማኅደሩ ተከቶ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ያያል። የተሸፈነች እጅ የምትለው መጽሐፉ የሊቁ ንብረት አለመሆኑን ነው፤ ሊቁ ጠባቂው ነው።

የተቀሰረ ጣት

ነፃ የቀረችው ቀኝ እጅ ብዙ ጊዜ አመልካች ጣቷን ትዘረጋለች። ጣቱ ወደ መጽሐፉ ካመለከተ ሰውየው የሚናገረውን ከራሱ እንዳላመጣ ይመሰክራል። ጣቱ ወደ ሌላ ሰው ከተዘረጋ ሰውየው እየተናገረ ነው። የብራና ሥዕል ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ ንግግር በጣት ይሣላል። አድማጩ መዳፉን ከፍቶ ወደ ተናጋሪው ያዞራል፤ ይህም «ሰማሁ» ወይም «ተቀበልኩ» ማለት ነው። የመምህርና የደቀ መዝሙር ሥዕል በሁለት እጅ ብቻ ይነበባል፤ አንዱ ይቀስራል፣ ሌላው ይከፍታል።

የዚህ ምልክት ሥር ጥንታዊ ነው። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሮማው የንግግር መምህር ኩዊንቲሊያን ስለ ንግግር ትምህርት በጻፈው ሥራ በ11ኛው መጽሐፍ ተናጋሪ እጁንና ጣቶቹን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ በዝርዝር አስተምሯል። የክርስቲያን ሠዓሊዎች የተናጋሪውን እጅ ወርሰው ለነቢያት፣ ለሐዋርያትና ለመምህራን ሰጡት። በኢትዮጵያ ይህ ቋንቋ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዘልቋል። በአዲስ አበባ ለገበያ በሚሠራው የንግሥተ ሳባ ታሪክ ሥዕል ውስጥ ከነጋዴው እስከ ንጉሡ የሚናገረው ሰው የሚለየው ጣቱን በመዘርጋቱ ነው።

በዕለት አነጋገር ግን ቃሉ ትርጉሙን ቀይሯል። ዛሬ «ጣት መቀሰር» ማለት ሌላውን መክሰስ፣ ጥፋትን በሰው ላይ ማላከክ ነው። በአሮጌው ሥዕል የተቀሰረ ጣት የምስክር ጣት ነው። የዘመኑ ተመልካች ሥዕሉን በዛሬው ቋንቋ ካነበበው ገራሙን መምህር ቁጡ ሊያደርገው ይችላል።

የምትባርክ እጅ

ቡራኬ ከንግግር የተወለደ ምልክት ቢሆንም የጣቶቹ አያያዝ የራሱ ትምህርት አለው። በቢዛንታይን ሥዕል ጣቶቹ ታጥፈው የኢየሱስ ክርስቶስን ስም ፊደላት እንዲሠሩ ይደረጋል። በሩሲያ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፓትርያርክ ኒኮን ምእመናን በሁለት ጣት ማማተባቸውን ትተው በሦስት ጣት እንዲያማትቡ ማዘዙ ቤተ ክርስቲያኒቱን ከከፈሉት ምክንያቶች አንዱ ሆኗል። በኢትዮጵያ ማማተብ አመልካች ጣትን በአውራ ጣት ላይ አመሳቅሎ የመስቀል ምልክት በመሥራት ይፈጸማል። ከግንባር ወደ ደረት፣ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ መሄዱም ከላይ ወደ ታች የወረደውን አምላክና ከጨለማ ወደ ብርሃን የተሻገረውን ሰው ያመለክታል ተብሎ ይተረጎማል። ሠዓሊዎች ግን በጣቶቹ አያያዝ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አልሆኑም፤ አንዳንዱ አመልካችንና መሐል ጣትን አብሮ ያቆማል፣ ሌላው አንዱን ብቻ።

የመነኮሳትና የመምህራን ሥዕል እየተበራከተ ሲሄድ የምትባርከው እጅ መስቀል ጨበጠች። የእጅ መስቀል በቀኝ ሲሆን ሰውየው ሥልጣነ ክህነት እንዳለው ወዲያው ይታወቃል፤ በግራ የሚያዘው ደግሞ ሙያውን ይናገራል። መጽሐፍ ከያዘ መምህር ነው፤ መቁጠሪያ ከያዘ ጸሎተኛ ነው፤ መቋሚያ ከያዘ የማኅሌት ሰው ነው። ቅዱስ ያሬድ በሥዕል የሚለየው በአንድ እጁ ጸናጽል፣ በሌላው መቋሚያ ይዞ ሲዘምር ነው። በዜማው የተመሰጠው ንጉሥ ጦሩን በሊቁ እግር ላይ ሲተክልም ሁለቱ እጆች ከዜማው አይነቃነቁም። ሊቁ ሕመሙን እንዳልሰማ ሠዓሊው የነገረን በፊቱ አይደለም፤ ጸናጽሉን ባልለቀቀች እጁ ነው።

የተዘረጉ መዳፎች

ሁለቱም እጆች ወደ ላይ ተዘርግተው መዳፋቸው ወደ ተመልካቹ ሲዞር ሥዕሉ ከትምህርት ወደ ጸሎት ይሻገራል። ይህ አቋም በሮማ የምድር ውስጥ መቃብሮች ካሉት የመጀመሪያዎቹ የክርስቲያን ሥዕሎች ጀምሮ ይታያል። የኢትዮጵያ ሠዓሊ ለዳንኤል በአናብስት ጉድጓድ፣ ለአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ይሰጠዋል። በአንድ እግራቸው ቆመው የሚሣሉት የሐይቁ ተማሪ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በጸሎት እጃቸው ይታወቃሉ። የኦሪቱ ሙሴ ከአማሌቅ ጋር በተደረገው ጦርነት እጁን ሲያነሣ እስራኤል እንደሚያሸንፍ፣ ሲያወርድ እንደሚሸነፍ ለሚያውቅ ተመልካች የተነሣ እጅ ዕረፍት አይደለም፤ ድካም ያለበት ሥራ ነው። የትምህርትና የጸሎት እጅ መለያየት የሊቅን ሁለት ማዕርግ ያሳያል። የመጀመሪያው መጽሐፍ ይዞ ለሰው ይናገራል፤ ሁለተኛው ባዶ እጁን ወደ ፈጣሪ ይዘረጋል።

የምትጽፍ እጅ

ወንጌላዊው ቁጭ ብሎ ሲጽፍ የሚያሳየው ሥዕል ለሠዓሊው የራሱን ጎረቤት የመሣል ዕድል ሰጥቶታል። የቁም ጸሐፊ ጠረጴዛ የለውም። ብራናውን በጉልበቱ ላይ ያስደግፋል፤ የመቃ ብርዑን በቢላ ቀርጾ ጫፉን ይሰነጥቃል፤ የቀለም ቀንዶቹን ከፊቱ መሬት ላይ ይተክላል። አንዱ ቀንድ ጥቁር፣ ሌላው ቀይ ቀለም ይይዛል፤ ቀዩ ለቅዱሳት ስሞችና ለአርእስት ነው። ማርቆስ ወይም ሉቃስ በብራና ላይ ሲሣል በዚሁ አኳኋን ይቀመጣል። የእስክንድርያ ወይም የአንጾኪያ ሰው መሆኑ ቀርቶ የወሎ ወይም የጎጃም ጸሐፊ ይሆናል። ግራ እጁ ብራናውን ትጫናለች፣ ቀኝ እጁ ብርዑን በሦስት ጣት ታቆማለች።

ስለ ሐይቅ ተማሪዎች ከሚነገሩት ታሪኮች መካከል የእጅን ትርጉም በጉልህ የሚያሳየው የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ነው። ገድላቸው እንደሚተርከው በሐይቅ ለትምህርት ቢገቡም ትምህርቱ አልገባቸው ብሎ ለዓመታት በገዳሙ እህል ይፈጩ ነበር። በኋላ እመቤታችን ተገልጣ ጽዋ ካጠጣቻቸው ወዲህ አእምሯቸው ተከፈተ። እህል ሲፈጭ የኖረው እጅ ሰዓታትን ደረሰ፤ ትልቁን የነገረ መለኮት ድርሰት መጽሐፈ ምሥጢርንም በ1417 ዓ.ም. ገደማ ጽፎ ፈጸመ። በሊቃውንት ታሪክ መጅና ብርዕ በአንድ እጅ የተያዙበት ምሳሌ ይህ ነው፤ አገልግሎት ከትምህርት በፊት እንደሚመጣም ተማሪዎች ይማሩበታል።

እጅ መንሣት

መጽሐፍ ያስጻፈ ወይም ቤተ ክርስቲያን ያሠራ ሰው ወደ ሥዕሉ ሲገባ እጁ ሌላ ቋንቋ ይናገራል። አማርኛው «እጅ መንሣት» ይለዋል፤ ትርጉሙ በክብር መስገድ ነው። በጎንደር ዘመን ሥዕሎች ባለጸጋው ከሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ፣ ሁለት እጁን ወደፊት ዘርግቶ ይታያል። በጣና ናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችንና ከልጇ ሥዕል ሥር ተደፍታ ተሥላለች። አገር የምትገዛ ንግሥት በሥዕሉ ከሁሉ ታንሳለች። የኢየሱስ ሞአ ሥዕል በራሳቸው ወንጌል ውስጥ መገኘቱ ታሪክ ጸሐፊዎችን የሳበውም ለዚህ ነው፤ አንድ መምህር ከወንጌላውያንና ከቅዱሳን ጋር በአንድ መጽሐፍ መሣሉ እንደ አሠሪ ብቻ ነው ወይስ እንደ ቅዱስ? ፈረንሳዊቷ የታሪክ ምሁር ክሌር ቦስክ ቲዬሴ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ሥዕሉን በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መገናኛ ላይ ከነበረው የቅድስና ክብርና የነገሥታት ጣልቃ ገብነት ጋር አያይዘው መርምረውታል።

ከውጭ የመጡ እጆች

ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የእጁ አሣሣል ተለወጠ። የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን በሮማ የምትገኘውን የሳንታ ማሪያ ማጆሬ ማርያም ሥዕል ቅጂ ይዘው መጡ። በዚህ ሥዕል እመቤታችን ሁለት እጇን አጣምራ ልጇን ትይዛለች፤ የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ተዘርግተዋል፤ በግራዋ መሐረብ አለ። የኢትዮጵያ ሠዓሊዎች አቀማመጡን ተቀብለው የራሳቸው አደረጉት፤ እነዚያ ሁለት ጣቶችም በሺህ በሚቆጠሩ የምስለ ፍቁር ወልዳ («ከተወደደ ልጇ ጋር») ሥዕሎች ተደገሙ። በሮማ እ.ኤ.አ. በ1590 እና በ1591 የታተመው የዐረብኛ ወንጌል በአንቶኒዮ ቴምፔስታ የተነደፉ ሥዕሎች ነበሩበት፤ የጎንደር ዘመን የወንጌል ሥዕሎችም ከእርሱ ብዙ ቀድተዋል። በኋለኛው የጎንደር ዘመን አሣሣል እጅ ጥላና ውፍረት አገኘ። በአንድ መስመር የተሠራው አሮጌ እጅ ሥጋ ለበሰ፤ የሚናገረው ቋንቋ ግን ያው ነበር።

ወደ ካሪካቸር

በአውሮፓ የሊቅ እጅ ወደ መሳለቂያ የተሻገረው በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በሮማ ፒየር ሊዮኔ ጌዚ የዘመኑን ሊቃውንትና የጥንት ዕቃ ሰብሳቢዎች በካሪካቸር ሣለ። በለንደን እ.ኤ.አ. ከ1868 ጀምሮ የታተመው ቫኒቲ ፌር መጽሔት ቻርለስ ዳርዊንንና ሌሎች ሳይንቲስቶችን ለአንባቢ በዚህ መልክ አቀረበ። ካሪካቸር አዲስ የእጅ ምልክት አልፈጠረም። የአስተማሪውን የተቀሰረ ጣት፣ ነጥብ የሚቆጥረውን ተከራካሪ ጣት፣ መጽሐፍ የታቀፈውን ክንድ ወስዶ ከልክ በላይ ጫናቸው። አክብሮትን ይናገር የነበረው ምልክት መመጻደቅን መናገር ጀመረ።

በኢትዮጵያ የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ከወጣ በኋላ በግል ጋዜጦችና መጽሔቶች ካርቱን ሲበራከት ይህ የአውሮፓ ልማድና የአገሩ የሥዕል ቋንቋ በአንድ ገጽ ላይ ተገናኙ። የአገሩ አንባቢ ትልቅ ዓይንና ትልቅ እጅ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ስለሚያውቅ ማጋነኑ እንግዳ አልሆነበትም። ልዩነቱ በፊቱ ላይ ነው። በካሪካቸር ፊት የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ እጁ የማንም ሊሆን ይችላል፤ በብራናው ፊቱ የሁሉም ሆኖ እጁ የአንድ ሰው ሥራ ነው።

የኢየሱስ ሞአ ወንጌል በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲቀረጹ በቁጥር 1832 ተመዝግቧል። ቅጂው በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ስብስብ ውስጥ ለተመራማሪዎች ይቀርባል። ዋናው መጽሐፍ ግን ከሐይቅ አልወጣም። የማይክሮፊልሙ ቅጂ ቀለም የለውም፤ ቀዩ፣ ቢጫውና ሰማያዊው ሁሉ ግራጫ ይሆናል። በግራጫውም ውስጥ ሳይደበዝዝ የሚታየው የዳርቻው ጥቁር መስመር ስለሆነ የእጁ ቅርጽና የጣቶቹ አያያዝ ከቀለሙ በኋላም ይነበባሉ።